ለካሜራ ጀርባቸውን የሰጡ ሰው

የኦቦ ቡልቶን መሞት የነገረኝ ከአርሲ ነገሌ በቆሎ ጭኖ አዳማ የገባ የአይሱዙ ሾፌር ነው። ገና ሞተሩን ሳያጠፋ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ ያ የድንጋዮቹ ሽማግሌ አረፉ እኮ» አለኝ። እንዲሁ፣ የበቆሎ ዋጋ እንደሚነግር ሰው። አልተቀየምኩትም። መንገድ ላይ የዋለ ልጅ ነው፣ ደክሞታል። በሆዴ ግን፣ «ኦቦ ቡልቶ ቢሰሙህ ኖሮ እንደገና ያስጀምሩህ ነበር» አልኩ። ከመኪናው አስወርደው፣ ጥላ ሥር አስቀምጠው፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቀው፣ ከዚያ ወዲያ ነው «በል አሁን የያዝከውን ተናገር» የሚሉት። የያዘው ወሬ የራሳቸው ሞት ቢሆንም እንኳ።

ያወቅኋቸው በደርግ ዘመን ነው። አዳማን ያኔ ናዝሬት ነበር የምንላት። እኔ የመንግሥት ቱሪስት ማመላለሻ ሚኒባስ እነዳ ነበር። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ መሪ ግን አጥብቄ እይዛለሁ፣ ፈረንጅም ከሾፌር የሚፈልገው እሱን ነው። ቅዳሜ ጠዋት እንግዶቼን ከናዝሬት እጭናለሁ። አብዛኞቹ ፋብሪካ ሊተክሉ፣ ሐኪም ቤት ሊያግዙ የመጡ የቡልጋሪያ፣ የምሥራቅ ጀርመን፣ የቼክ ሰዎች ናቸው፤ የመንገድ ዳር ሕፃናት ግን ሁሉንም «ራሻ! ራሻ!» እያሉ ነው የሚከተሏቸው። ሞጆ ላይ ታጥፈን፣ መቂንና ዝዋይን አልፈን፣ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ካለው ሆቴል እናደርሳቸዋለን። ሆቴል ከመግባታችን በፊት ግን ጃርሶሊ እንቆማለን።

ጃርሶሊ በኦሮምኛ ሽማግሌዎች ማለት ነው። ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ባለ ኮረብታ ላይ የቆሙ የጥንት ትክል ድንጋዮች ናቸው። አንዳንዱ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ አንዳንዱ ያንሳል፤ ክብና ጦር የሚመስል ነገር የተቀረጸባቸውም አሉ። ትንሹ ድንጋይ ወደ ፊት ዘንበል ብሏል፣ ጆሮው የከበደ ሰው ወሬ ሲያዳምጥ ይመስላል። ከላይ ሆነው ሲያዩ ሐይቁ ከታች እንደ ሻይ ቀልቶ ተኝቷል። ድንጋዮቹን ማን እንደ ተከላቸው የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

አስጎብኚያችን ይልማ ብቻ ያውቅ ነበር። ይልማ የናዝሬት ልጅ ነው፣ እንግሊዝኛውንም ሩስኪውንም የሚያንበለብል፣ ሰው የሚወድ፣ ሰዓት ግን የሚያሳብደው። ባንዱ ቅዳሜ ድንጋዮቹን የንጉሥ መቃብር ያደርጋቸዋል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ የጦር አለቆች ይሆናሉ። «ተው እንጂ ይልማ» ስለው፣ «እንግዳ እኮ አገር አቋርጦ መጥቶ አላውቅም መስማት አይወድም» ይለኛል። በሱ ፕሮግራም ላይ ለጃርሶሊ የተሰጠው ሃያ ደቂቃ ነው። መውጣት፣ ፎቶ፣ መውረድ። ሐይቁ ይጠብቃል፣ ዓሣው ይቀዘቅዛል።

ኦቦ ቡልቶ የቦታው ዘበኛ ሆነው የተቀጠሩ ሰሞን ነው ይህ ፕሮግራም የተበላሸው። ረዥም፣ ቀጭን፣ ከእኔ ብዙም የማይበልጡ ሰው ነበሩ፤ አረማመዳቸው ግን ገና ከድሮ ጀምሮ የሽማግሌ ነው። ከኮረብታው ሥር ተወልደው ያደጉ ናቸው። መንግሥት ካኪ ካፖርትና ፊሽካ ሰጣቸው። ካፖርቱን በዚያ ሙቀት አያወልቁትም። ፊሽካውን ጥጃቸው አንገት ላይ አሠሩት።

የመጀመሪያው ቀን፣ እንግዶቹ ካሜራቸውን እያነገቱ ወደ ዳገቱ ሲጣደፉ፣ ኦቦ ቡልቶ ዱላቸውን በመንገዱ ላይ አጋደሙ።

«ወዴት ነው?»

«ድንጋዮቹን ልናይ ነዋ» አለ ይልማ።

«ሰላም አላችሁ?»

«እንዴ! ሰላም፣ ሰላም አባባ።»

«እኔን አይደለም» አሉና በአገጫቸው ወደ ላይ አመለከቱ። «እነሱን።»

ይልማ ሰዓቱን አየ። «አባባ፣ ያለን ሃያ ደቂቃ ነው።»

«ሃያ ደቂቃ ከጎረቤት እሳት ለመጫር ነው። እነዚህ ባሕር ተሻግረው ነው የመጡት። አንተ ሰው ቤት ስትሄድ በሩን ገፍተህ ጓዳ ትገባለህ?» አማርኛቸው እንዲህ ነበር፤ ለሹምም ለልጅም «አንተ» ነው።

ከዚያ ሁላችንንም ከግራሩ ሥር አስቀመጡን። ግንድ አጋድመው መቀመጫ ሠርተዋል። ባለቤታቸው በጮጮ ወተት አመጡ። ኦቦ ቡልቶ እያንዳንዱን ፈረንጅ ስምህ ማነው፣ እናትህ አለች ወይ፣ አገርህ ዘንድሮ ዘነበ ወይ ብለው ጠየቁ። ይልማ እንደ ኮሶ እየመረረው ያስተረጉማል። ሁሉም ከተጠየቁ በኋላ፣ «በሉ አሁን እንግዳ ናችሁ። ከእናንተ በዕድሜ የሚበልጠው ይምጣና ስለ ሁላችሁ ሰላም ይበል» አሉ።

የሚባለውን አስጠኑት። አካም ጅርቱ፣ ነጋ? ደህና ናችሁ፣ ሰላም ነው? ከብቱ ደህና? ልጆቹ ደህና? ዝናቡስ? አንዱ ተጠይቆ ወዲያው ወደሚቀጥለው አይኬድም። በመሃል ዝም ተብሎ ይቆያል።

«መልስ እኮ የለም» አለ ይልማ።

«እሱን እነሱ ያውቃሉ። ጠይቆ መልስ የማይጠብቅ ሰው አልጠየቀም።»

እኔ ያን ቦታ ስንቴ ተመላልሼበታለሁ፤ ነፋሱ በድንጋዮቹ መካከል ሲያልፍ እንደሚያፏጭ የሰማሁት የዚያን ቀን ነው። ፈረንጆቹም ከዚያ በፊት ዓይናቸው ካሜራው ውስጥ ነበር የሚውለው። መልስ ሲጠብቁ ግን የሚይዙት ነገር ስለሌላቸው ያያሉ። አንዲት አሮጊት ድንጋዩ ላይ የበቀለውን ሽበት ስታይ ቆይታ የራሷን ፀጉር ዳበስ አደረገች። ያን ቀን ዓሣው ቀዘቀዘ፤ ያማረረ ግን አልነበረም።

ፈረንጅ ጥያቄ ይወዳል። «ስንት ዓመታቸው ነው?» ይላሉ። ኦቦ ቡልቶ፣ «ስወለድ ነበሩ። ሽማግሌ ዕድሜው አይጠየቅም» ይላሉ። «ማን ተከላቸው?» ሲሏቸው፣ «አልነበርኩም» ይላሉ። እሳቸው አንድ ቃል ይናገራሉ፣ ይልማ ከነንጉሡ፣ ከነጦርነቱ፣ ከነልዕልቲቱ ያስተረጉመዋል። እንግዶቹ እርስ በርስ እየተያዩ ይስቃሉ። ኋላ ኋላ ይልማም አፈረ መሰለኝ፣ «ሰውየው አላውቅም ብለዋል» ማለት ጀመረ። የሚገርመው፣ እንግዶቹ ይህን ሲሰሙ ይበልጥ ደስ ይላቸዋል።

ደግሞ የፎቶው ነገር አለ። ፈረንጅ ሁሉ ከድንጋዮቹ ጋር ሊያነሳቸው ይፈልጋል። እሳቸውም እሺ ብለው ይቆማሉ፤ ግን ፊታቸውን ወደ ድንጋዮቹ አዙረው ነው። «እባክህ ወደዚህ ዙርልን በላቸው» ይሉታል ይልማን። «ለሽማግሌ ጀርባ አይሰጥም» ይላሉ ኦቦ ቡልቶ። «ለእንግዳስ ጀርባ ይሰጣል ወይ?» አላቸው ይልማ አንድ ቀን፣ የረታቸው መስሎት። «እንግዳውን ወተት አጠጥቼዋለሁ። ጀርባ የሰጠሁት ለዕቃው ነው።» እንግዲህ በሶፊያ፣ በበርሊን፣ በፕራግ ስንት ሰው ቤት የአንድ ካኪ ካፖርት ጀርባ ተሰቅሎ እንደሚኖር አስቡት።

በዚህ መሃል ነው ክፉው ነገር የመጣው። ጓድ ኃላፊ የምንላቸው የቱሪስት ጉዳይ አለቃ ነበሩ፤ አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ምሳ እየበሉ፣ «እንግዳው ለምን ዳገት ይወጣል? ድንጋዮቹን እዚህ አምጥተን አትክልቱ ውስጥ ብንተክላቸው፣ ቢራውን እየጠጣ አያያቸውም?» አሉ። አብረዋቸው የሚበሉት በሙሉ ግሩም ሐሳብ ነው አሉ። ለሙከራ መጀመሪያ ትንሹ ይመጣል፤ ካማረ፣ ከመስቀል በኋላ መንገዱ ሲደርቅ ሌሎቹም ይጫናሉ ተባለ። ኦቦ ቡልቶ አርሲ ነገሌ ገበያ በወጡበት ቀን ክሬን መጣና ያን ዘንበል ያለውን ትንሽ ድንጋይ ነቅሎ ሄደ።

ቅዳሜ ስንደርስ ኦቦ ቡልቶ ከጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጠዋል። እንግዶቹን እንደ ወትሮው ተቀበሉ፣ ወተቱም መጣ፣ ሰላምታውም ተባለ። ስንወርድ ወደ እኔ መጡ።

«ሾፌር፣ ቦታ አለህ?»

«አለኝ። ወዴት ነው?»

«ልጠይቀው ነው።»

«ማንን?»

«ትንሹን። ከቤቱ የተወሰደ ሰው አይጠየቅም እንዴ?»

ሆቴሉ ስንደርስ ድንጋዩ ከበረንዳው ፊት፣ ከአበቦቹ መሃል ቆሟል። ትከሻው ላይ የዋና ሱሪ እንዲደርቅ ተሰጥቷል፣ ውሃው ይንጠባጠባል። ከሥሩ የቢራ ጠርሙስ አለ። እኔ ፊቴን አዞርኩ። ኦቦ ቡልቶ ይጮሃሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ሱሪውን በሁለት ጣት አነሱና፣ «የማነው ይህ?» አሉ። አንድ ግዙፍ ቡልጋሪያዊ ከውሃው ወጥቶ እየሮጠ መጣ። ሱሪውን በሁለት እጃቸው አስረከቡት፣ እንደ ስጦታ። ከዚያ እጁን ይዘው አልለቀቁትም።

«ከብቶችህ ደህና ናቸው?»

ይልማ አስተረጎመ። ሰውየው ሳቀ። «ከብት የለኝም፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። አባቴ ግን አንዲት ላም ነበረችው።»

«ስሟ ማነው?»

ሰውየው ሳቁን አቆመ። ውሃው ከጢሙ እየወረደ፣ በሌላ የዋና ልብስ ግማሽ እርቃኑን ቆሞ አሰበ፣ አሰበና አንድ ስም ጠራ። እኔ ወዲያው ረሳሁት። ኦቦ ቡልቶ ግን ከብዙ ዓመት በኋላም ያን የላም ስም አልረሱትም። ሰውየው ሄዶ ሸሚዙን ለብሶ መጣና አጠገባቸው ተቀመጠ። እሳቸውም ለድንጋዩ ሙሉውን ሰላምታ አቀረቡለት፣ ከብቱን፣ ልጁን፣ ዝናቡን፣ እየቆዩ፣ እየጠበቁ። ከዚያ፣ «ቤት ያሉት ሁሉም ሰላም ብለውሃል» አሉት።

የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ግርማ ይባላል። ጨዋ ቤት ያደገ የሻሸመኔ ልጅ ነው። አንድ ጎልማሳ ሰው በሆቴሉ አትክልት ውስጥ ባዶ አፋቸውን ተቀምጠው ሲያይ እናቱ ያሳደገችው ጠባይ አስቸገረው መሰለኝ፣ ሻይና ዳቦ ላከላቸው። ስህተቱ እሷ ነበረች። ለበሽተኛ ጠያቂ ሻይ ያቀረበ ሰው አስታማሚ ሆነ ማለት ነው። ኦቦ ቡልቶ ሻዩን ጠጥተው ሲነሱ ግርማን ትከሻውን ያዝ አድርገው፣ «ፈጣሪ ይማርልህ፣ በርታ» ብለውት ሄዱ። ግርማ አሜን አለ። ምን ይበል?

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኦቦ ቡልቶ ከጎረቤቶቻቸው ጋር መጡ። ከዚያም የጎረቤቶቻቸው ዘመዶች መጡ። በእግርም፣ በጋሪም፣ በእኔም ሚኒባስ። ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን ተደግፈው በነጩ የሽቦ ወንበር ላይ በተርታ ይቀመጣሉ፤ እናቶች ጮጮ ታቅፈው ይመጣሉ። ማንም ድምፁን ከፍ አያደርግም። ፀሐይ የሚሞቁት ፈረንጆች በመሃላቸው በሆዳቸው ተኝተው ይታያሉ። የመጣ ሁሉ ድንጋዩን ሰላም ይላል፣ ቀጥሎ ግርማን፣ «እንዴት አደረ? ዛሬ ይሻለዋል?» ይለዋል።

ግርማ አንድ ቀን መኪናዬ ድረስ መጣ። «ወንድሜ፣ እኔ እኮ ሆቴል ነበር የምመራው።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ አስታማሚ ነኝ። ትናንት አንዲት እናት በሽተኛውን ፀሐይ ላይ አታውለው ብለው ተቆጡኝ። ምን እንዳደረግኩ ታውቃለህ? ጥላ አስቆምኩለት።»

ሳቅኩበት። እሱም ሳቀ፣ ግን ፊቱ ላይ ድካም ነበረ።

ወሬው ጓድ ኃላፊ ዘንድ ደረሰ። በዚያ ዘመን ሰው ያለ ፈቃድ ሲሰበሰብ ቀላል ነገር አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሁለት ጠባቂ ጋር መጡ። መኪናቸው ስትቆም በአትክልቱ ያለው ሰው ሁሉ ወደዚያ ዞረ። እኔ የሚኒባሱን ቁልፍ ቀስ ብዬ ኪሴ ከተትኩ፤ ሰዎቹን ያመላለስኩት እኔ ነኛ።

«ይህ ምን ስብሰባ ነው?» አሉ ጓድ ኃላፊ።

ኦቦ ቡልቶ ተነሡ። «ስብሰባ አይደለም። ስብሰባ ላይ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ያጨበጭባል። እዚህ ማን አጨበጨበ?»

ይልማ ዓይኑን ጨፈነ። ከጠባቂዎቹ አንዱ ሳቁን በሳል ዋጠ።

«ታዲያ ምን ትሠራላችሁ?»

«ሰው እንጠይቃለን። ተቀመጥ።» ወንበር ሳቡላቸው። ጓድ ኃላፊ ለምን እንደ ተቀመጡ ዛሬም አይገባኝም። ምናልባት ለረዥም ጊዜ ማንም ተቀመጥ ብሏቸው አያውቅ ይሆናል፤ ሁሉም የሚቆምላቸው ሰው ነበሩ። ግርማ ሻይ አስመጣ። ኦቦ ቡልቶም ጀመሩ፤ «ልጆችህ ደህና? ከብትህስ? አገርህ ዘነበ? እናትህ ደህና ናት?»

«ደህና ናት» አሉ ጓድ ኃላፊ። ኦቦ ቡልቶ እንደ ልማዳቸው ወደሚቀጥለው አላለፉም። ዝም ብለው ጠበቁ። ሻዩ ቀዘቀዘ። «ታማለች» አሉ ጓድ ኃላፊ ቀስ ብለው። «አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ተኝታለች።»

«አየሃት?»

«ሥራ በዝቶብኝ…»

«ሂድና እያት» አሉ ኦቦ ቡልቶ። «ይኸኛው እኛ አለንለት።»

ጓድ ኃላፊ ድንጋዩን አዩት፣ ጥላውን አዩት፣ ተራ የያዙትን ሽማግሌዎች አዩ። ተነሥተው ወደ መኪናቸው ሲሄዱ ግርማ ተከተላቸው። በር ላይ ያሉትን የሰማሁት ከጎን ስለ ቆምኩ ነው፤ «መልሱት። ምክንያቱን እኔ እፈልጋለሁ። ስለ ሌሎቹም ከእንግዲህ ማንም እንዳያነሳብኝ።» መኪናቸው የዞረችው ወደ አዲስ አበባ ነበር።

ድንጋዩ የተመለሰበት ቀን የሆቴሉ እንግዶች በሙሉ ካልሄድን አሉ። ክሬኑ የቻለውን ቻለ፤ መጨረሻ ላይ ትከሻውን ያዋሰው ያ ቡልጋሪያዊ ነው። ቀጥ አድርጎ ሊያቆመው ሲታገል ኦቦ ቡልቶ ከለከሉት። «ይልማ፣ ዘንበል አድርገው በለው። እሱ ሲያዳምጥ እንደዚያ ነው።» ዘንበል አደረጉት። ከዚያ ሰላምታ ሆነ፣ ሁሉም በየቋንቋው። ይልማ የዚያን ቀን ፕሮግራሙን ከኪሱ አላወጣም።

ሁሉም ነገር ከዚያ ወዲያ አማረ አልልም። ወሬው ስለ ተሰማ ሰው በዛ። ኋላ ኋላ ፈረንጁ ድንጋዮቹን ትቶ ሰላምታውን ሊያይ፣ ሰላምታውን ፎቶ ሊያነሣ መምጣት ጀመረ። ተራ እየጠበቁ «ነጋ? ነጋ?» ብለው እየሳቁ የሚወርዱ ነበሩ። እኔ ተናደድኩ፤ «ኦቦ ቡልቶ፣ እነዚህ እኮ እየተጫወቱብን ነው» አልኳቸው።

«ይሁን፣ ሾፌር። ለማስመሰል ሰላም ያለም ሰላም ብሏል።»

ያን ጊዜ በሆዴ የቆየውን ጠየቅኳቸው። «እውነቱን ይንገሩኝ። ያኔ ሆቴሉ ድረስ የሄዱት ድንጋዩ አሳዝኖዎት ነው ወይስ ዘዴ ነው?»

«አንተ ስትመጣ ደህና ነህ የምልህ አስቤልህ ነው ወይስ ልማድ ሆኖብኝ?»

«ሁለቱም ይሆናላ።»

«እንግዲያው» አሉና ጥጃቸውን ሊመልሱ ሄዱ።

ለቅሶ የደረስኩት ወሬውን በሰማሁ ማግስት ነው። ቤታቸው ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ከቡልጋሪያ የተላከ ነው። ካኪ ካፖርት፣ ከጀርባ። ለቀስተኛው ሁሉ ያንን ጀርባ እያየ ያለቅሳል። ልጃቸው፣ «ጋሼ፣ ፊታቸው ያለበት አንድ እንኳ የለዎትም?» አለኝ። የለኝም። ሰማንያ አገር ሰው አንሥቷቸው አንድ ፊት አልተገኘም። ተያየንና በለቅሶ መሃል ሳቅ አመለጠን። ለቀስተኞቹም ሳቁ። እሳቸው ቢኖሩ አይቀየሙም ነበር።

ከዚያ ብቻዬን ኮረብታውን ወጣሁ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም። ግራሩ አለ፣ ግንዱ መቀመጫም አለ፤ የሚያስቀምጥ ሰው የለም። ከአዲስ አበባ የመጡ ወጣቶች ስልካቸውን በረዥም ዘንግ ላይ ሰክተው፣ ጀርባቸውን ለድንጋዮቹ ሰጥተው ይነሣሉ። ደስ የሚሉ ልጆች ናቸው፣ ሲያዩኝ ከመንገዱ ዘወር አሉልኝ።

ከትንሹ ድንጋይ ፊት ቆምኩ። መርዶ ይዤ ነው የመጣሁት፤ መርዶ ደግሞ ዘው ተብሎ አይነገርም። ባርኔጣዬን አወለቅኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አካም ጅርቱ? ነጋ? ብዬ ጠበቅኩ። ከብቱ ደህና? ነፋሱ በመካከላቸው አፏጨ። ልጆቹ ደህና?

ከኋላዬ አንዲት ልጅ፣ «አባባ፣ በጣም ያምራሉ፤ አንድ ፎቶ ላንሣዎት? ወደዚህ ይዙሩልኝ» አለችኝ።

«አንሺ ልጄ» አልኳት። «መዞሩ ግን ይቆይ። ገና ስለ ዝናቡ አልጠየቅኩም።»